ውሃ ሲፈላ ምኑ ነው የሚበጠሰው?

ይህን የምጽፈው ለ12ኛ ክፍል ፈተና በግላችሁ ለምታነቡ ልጆች ነው፤ በተለይ ትምህርት በተቋረጠበት ጊዜ ይህ ምዕራፍ ላመለጣችሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼም አንብቡትና ታናናሾቻችሁን አስረዱልኝ።

ክፍል ውስጥ የርዕሱን ጥያቄ ስጠይቅ ብዙው ልጅ "ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይለያያሉ" ይለኛል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ እኮ ከጀበናው አፍ የሚወጣው ሃይድሮጅን ጋዝ ነበር፤ ከሰል ላይ ቡና ማፍላትማ አይሞከርም!

ሁለት ነገር ለዩ። በአንድ ሞለኪውል ውስጥ አተሞቹን አስሮ የያዘው ኮቫለንት ቦንድ ነው። አንዱን ሞለኪውል ከጎረቤቱ ጋር የሚያሳስበው ደግሞ ኢንተርሞለኪውላር ፎርስ ነው። በውሃ ውስጥ የመጀመሪያውን ለመበጠስ በአንድ ሞል ወደ 460 ኪሎጁል ያስፈልጋል፤ ለሁለተኛው 20 አካባቢ ይበቃል። የከሰሉ እሳት የሚያላቅቀው ሁለተኛውን ነው። እንፋሎቱም ያው ውሃ ነው፤ እንደ ጣርማበር ጉም።

ዓይነቶቹን ደግሞ ከሰፈር ዕቃ እንያቸው።

ላይተር ውስጥ ያለው በዋናነት ቡቴን ነው፤ ሞለኪውላር ማሱ 58። ፖላር ስላልሆነ ያለው የለንደን ዲስፐርሽን ፎርስ ብቻ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ ለቅጽበት ወደ አንድ ጎን ሲያደሉ የሚፈጠር ስበት ማለት ነው። ስለዚህ 0 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ላይተሩ ውስጥ ፈሳሽ የሆነው ታምቆ ነው።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶንም 58 ነው። ግን ኦክስጅኑ ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ስለሚስብ ሞለኪውሉ በከፊል ፖዘቲቭና በከፊል ኔጌቲቭ ጎን አለው። ዳይፖል-ዳይፖል ተጨመረበት፤ መፍያው 56 ደረሰ።

አረቄ ውስጥ ያለው ኢታኖል 46 ብቻ ነው፤ ከሁለቱም ይቀልላል። የሚፈላው ግን 78 ላይ ነው! ሃይድሮጅኑ በቀጥታ ከኦክስጅን ጋር ስለተያያዘ ሃይድሮጅን ቦንድ ይሠራል። ውሃ ደግሞ በዚሁ ቦንድ ይበልጥ ስለተሳሰረ 100 ይጠብቃል። አረቄ የሚያወጡ እናቶቻችን የሚጠቀሙት በዚህ ልዩነት ነው። (ቁጥሮቹ በባሕር ወለል ከፍታ ናቸው። ደብረ ሲና ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ 91 አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላው ቶሎ አልበስል የሚለን ለዚህ ነው።)

ዲስፐርሽንን ግን ደካማ ነው ብላችሁ አትናቁት። ቅቤን እዩ። የስቡ ሞለኪውሎች ትልልቅና ረጃጅም ስለሆኑ ትንንሹ ስበት ተደማምሮ እዚህ ብርዱ ላይ ጠጣር አድርጎ ይይዛቸዋል። ሸዋ ሮቢት ቆላው ሲያገኘው ይቀልጣል። መልሳችሁ ብታወጡት ይረጋል፤ ያው ቅቤ ነው፤ የተበጠሰ ኮቫለንት ቦንድ የለም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ተማሪ ብቻ ነበር። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፤ ሁሉም የልጆቹ ጥፋት አይደለም። ሽምደዳን መተው ግን በእጃችን ነው። ሦስቱን ስም በቃል የያዘ ልጅ ጥያቄው ትንሽ ሲዞርበት ይጠፋዋል። ላይተር፣ አሴቶንና አረቄን በዓይኑ ያየ ግን አስቦ ይደርስበታል።

የቤት ሥራ፦ ስኳር ሻይ ውስጥ ይሟሟል፤ ቅቤ ግን ቡናው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይሟሟም። ለምን? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ማታ አርማለሁ። ከጎረቤት ልጅ ጋር ተወያዩበት፤ ስልክ ለሌለው ደግሞ አንብቡለት።