ከ7518 የተረፈው

አንድ ቁጥር በቤተ ሰቤ ፊት አሳፍሮኛልና ታሪኩን ላጫውታችሁ።

ቁጥሩ 7518 ነው። የብሉይ ዘመን የሚባለው 5500 ከ2018 ዓመተ ምሕረት ጋር ሲደመር የሚገኘው ዓመተ ዓለም ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በትምህርት ቤት በተማርኩት መንገድ መረመርኩት። ለ2 ይካፈላል፤ የአኃዞቹ ድምር 21 ስለሆነም ለ3 ይካፈላል። ተዘርዝሮ ሲያልቅ የ2፣ የ3፣ የ7 እና የ179 ብዜት ነው፤ እነዚህም ከአንድና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። አካፋዮቹ በጠቅላላው 16 ሲሆኑ፣ ከራሱ በቀር ያሉት ተደምረው 9762 ይሆናሉ። ድምሩ ከቁጥሩ ስለሚበልጥ በጥንት ግሪኮች አመዳደብ ትርፍ ካላቸው ቁጥሮች ወገን ነው።

ይህን በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር ለተቀመጡት አያቴ በኩራት አነበብኩላቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ የሚያካፍለውን ነገርከኝ፤ የሚተርፈውንስ?» አሉኝ።

አያቴ በልጅነታቸው ባሕረ ሐሳብ ተምረዋል፤ ደንቡንም ቀደም ሲል ነግረውኝ ነበር። በዚህ ስሌት ድርሻው ይተውና ቀሪው ይያዛል። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ይካፈላል፤ 19 የፀሐይ ዓመታት ከጥቂት ሰዓት ልዩነት በቀር ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር ይተካከላሉና። ከቀሪው የሚገኘው ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል።

7518 ለ19 ሲካፈል 13 ተረፈኝ። አበቅቴ 23፣ መጥቅዕ 7 አገኘሁ። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው፤ የእኔም 30 ሆነ። ደንቡን እስከ መጨረሻው ተከትዬ ፋሲካ ሚያዝያ 18 ቀን ይውላል አልኩ። የግድግዳውን መቁጠሪያ እንኳ ሳላይ፣ ሦስት ዓመት ፋሲካን ከእኛ ጋር ላላሳለፈው፣ አዲስ አበባ ለሚሠራው ወንድሜ ደውዬ በዚያ ሰሞን ፈቃድ እንዲጠይቅ ነገርኩት።

አያቴ ማታ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «ያልተፈጸመውን ዓመት ለምን ቆጠርከው?» አሉኝ። ለካስ ከ13 ላይ አንድ መቀነስ ነበረብኝ! ወንበሩ 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18፤ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ቀን ነው። በ14 ቀን ተሳስቻለሁ።

«ታዲያ ድምሩ እንዴት 30 ሆነ?» ብዬ ተከራከርኩ። ሌሊት ሳሰላስለው ገባኝ፤ 11 እና 19 ራሳቸው ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ፣ ከ1 እስከ 18 ማንኛውም ወንበር ቢገባ ድምሩ ያው 30 ነው። የተመካሁበት ማረጋገጫ ስሕተቴን ከቶ ሊያይልኝ የማይችል ነበር።

ደግነቱ ወንድሜ ማመልከቻውን ገና አላስገባም ነበርና በማለዳ ደውዬ አረምኩለት። ሚያዝያ 4 ቀን እናቴ የዶሮውን ወጥ ስታወጣ እሱ ከአጠገቧ ተቀምጦ ነበር።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ መልሳችሁ ከማረጋገጫው ጋር ሲስማማ ከመደሰታችሁ በፊት፣ ማረጋገጫው የተሳሳተውን መልስ የሚጥል መሆኑን መርምሩ። እኔም የአያቴ ዓይን እየደከመ ስለሄደ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሬን ይዤ ከአጠገባቸው እየተቀመጥኩ የሚያውቁትን መጻፍ ጀምሬአለሁ።