ስለ ልብ ካርታ

ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሲለኩ የኖሩት ከሰው ውጭ ያለውን ነገር ነው። የተራራው ከፍታ፥ የወንዙ ርዝመት፥ የድንበሩ ምልክት፥ ከከተማ እስከ ከተማ ያለው መንገድ በልክ ይጻፋል፤ በዚያ ተራራ ሥር ያለፈው መንገደኛ ፈርቶ ወይም ተደስቶ እንደ ሆነ ግን ካርታው አይናገርም። ይህም እንደ ጕድለት ሊቈጠር አይገባም፤ ቀያሽ በገመዱ የማይደርስበትን አለመጻፉ ትሕትና ነው።

ነገር ግን ይህን ወሰን ለማለፍ የሞከሩ አልታጡም። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1654 ዓ.ም. ማድሌን ደ ስኩዴሪ የተባለች ፈረንሳዊት ደራሲ ክሌሊ በተባለው ረዥም ልብ ወለድዋ ውስጥ የፍቅር አገር ካርታ አወጣች። በዚያ አገር ዝንባሌ፥ አክብሮትና ምስጋና የተባሉ ሦስት ወንዞች ይፈሳሉ። ከአዲስ ወዳጅነት ከተማ ተነሥቶ የሚጓዝ ሰው ቅንነትንና ቸርነትን የመሰሉ መንደሮች እያለፈ ወደ ፍቅር ይደርሳል፤ መንገዱን የሳተ እንደ ሆነ ግን የግዴለሽነት ሐይቅ ይጠብቀዋል። ከሁሉም በላይ ማዶ አደገኛ የተባለው ባሕር ተዘርግቷል። ቅኔ አዋቂ ይህን ካርታ ቢያየው፥ ሰሙ ምድር ወርቁ ልብ ነው ብሎ ሳይቸገር ይፈታዋል። ሆኖም በእግር የሚረገጥ አገር አልነበረም።

የሚረገጠውን መንገድና የሚረግጠውን ሰው ስሜት በአንድ ሉክ ላይ የማዋል አሳብ ከዚያ 350 ዓመት በኋላ፥ በ2004 ዓ.ም.፥ በሎንዶን ይሠሩ ከነበሩ ሚስተር ክርስቲያን ኖልድ ከተባሉ የሥነ ጥበብ ሰው ተገኘ። እኒህ ሰው ቀለምና ሸራ አላቀረቡም፤ ያቀረቡት በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ሥዕሉን እንዲሥሉትም የሰፈሩን ነዋሪዎች ጠሩ።

የመሣሪያው ነገር እንዲህ ነው። አንደኛው ክፍል በሁለት ጣቶች ላይ ይታሰርና በመካከላቸው እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ያሳልፋል። ሰው ሲደነግጥ፥ ሲቈጣ፥ ሲደሰት፥ ወይም አሳቡ ድንገት ሲነቃ፥ ያለ ፈቃዱ የጣቱ ላብ ይጨምራል፤ ላብም ጨው ያለበት ውሃ ስለ ሆነ ቆዳው ኤሌክትሪኩን ከቀድሞው አብልጦ ያሳልፋል። ይህን ነገር ፌሬ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1888 ዓ.ም. ገልጾት ነበር፤ ኋላም ውሸተኛን ይለያል ለሚባለው መሣሪያ አገልግሎት ገባ፤ ላብ ሐሰትን ይመሰክራል የሚለው እምነት ግን በሊቃውንት ዘንድ እስከ ዛሬ አልጸናም። ሁለተኛው ክፍል ጂፒኤስ ነው፤ በሰማይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት እየተቀበለ ተጓዡ የቆመበትን ቦታ ይጽፋል። ሁለቱ ሲጋጠሙ የሄደበት መንገድ በካርታ ላይ ይወጣል፤ ላቡ በበዛበት ስፍራ መስመሩ እንደ ተራራ ይነሣል፥ ልቡ ባረፈበትም እንደ ሜዳ ይተኛል።

ከሥራዎቹ ሁሉ የታወቀው የግሪኒች ካርታ ነው። ግሪኒች በሎንዶን ምሥራቅ በቴምዝ ወንዝ ዳር ያለች ሰፈር ናት፤ በ1884 ዓ.ም. በዋሽንግቶን የተሰበሰቡት መልእክተኞች የምድር ኬንትሮስ ከርስዋ ጀምሮ እንዲቈጠር የወሰኑላት ናት። ዓለም ሁሉ በምትለካባት ሰፈር፥ ከ2005 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ፥ 80 የሚያህሉ ነዋሪዎች መሣሪያውን በጣታቸው አስረው በየራሳቸው መንገድ ወጡ።

ዋናው ነገር ግን በመንገዱ ላይ አልነበረም። ተጓዡ ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል፤ የገዛ መስመሩ በፊቱ ይዘረጋለታል፤ «በዚህ ቦታ ምን አገኘህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ያን ጊዜ ነው ካርታው መናገር የሚጀምረው። መሣሪያው የሚያውቀው ልብ እንደ ተነቃነቀ ብቻ ነውና፤ በደስታ ይሁን በሐዘን አይለይም። ከፍ ያለው መስመር መኪና ሊገጨው ሲል የደነገጠበት ሊሆን ይችላል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ወዳጁን ያገኘበት ሊሆን ይችላል፤ እናቱ የሞተችበትን ቤት ሲያይ ሊሆን ይችላል፤ ዳገት ሲወጣ ሞቆት ብቻም ሊሆን ይችላል። ለመሣሪያው አራቱ ሁሉ አንድ ተራራ ናቸው። አማርኛ ሆድ ባሰኝ ሲል አንድ ነገር፥ አንጀቴ ተላወሰ ሲል ሌላ ነገር፥ ልቤ ራደ ሲል ደግሞ ከሁለቱ የተለየ ነገር ይናገራል፤ ይህን ልዩነት ከጣት ላብ አንብቦ የሚያወጣ መኪና አልተሠራም።

በዚህ ላይ ሌላ ችግር አለ። ላቡ የሚመጣው ነገሩ ከደረሰ ከአንድ እስከ ሦስት ሰኮንድ ዘግይቶ ነው፤ ጂፒኤስም ረዣዥም ሕንጻ በበዛበት ስፍራ ብዙ ሜትር ይስታል። እንግዲህ በአንዱ ደጅ የተነሣው ስሜት በጎረቤቱ ደጅ ሊጻፍ ይችላል። የየትኛው ደጅ እንደ ሆነ የሚያውቀው ተጓዡ ራሱ ነው። ስለዚህ በካርታው ላይ ከመስመሩ አጠገብ የተጓዦቹ ቃል ተጻፈ፤ ያለዚያ ቃል ቀይ ነጠብጣብ የተረጨበት ወረቀት ብቻ በሆነ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ 98 ሰዎች በአምስት ሳምንት ውስጥ እንዲሁ አደረጉ። የሁሉም ልብ ሲደመር የከተማው ልብ ይገኛል የሚል ሰው ግን ነገሩን ሳይመረምር የተናገረ ይመስላል። በአንድ ጐዳና አንዱ ፈርቶ አንዱ ተደስቶ ቢያልፍ፥ ድምሩ አንድ ትልቅ ኮረብታ ይሆናል፤ ኮረብታውም የማንም አይደለም።

በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በስቶክፖርት 200 የሚያህሉ ሰዎች ተሳተፉ፤ በዚህ ጊዜ ከጕዞው ሌላ ስለ ከተማቸው የሚሰማቸውን በእጃቸው እንዲሥሉ ተጠይቀው ነበር። ለስቶክፖርት ይህ ከመሣሪያው ይልቅ የተገባ ነበር። መርሲ የተባለው ወንዝ የሚጀምረው ሁለት ወንዞች በዚያች ከተማ ሲገናኙ ነው፤ በከተማዋ መካከል ሲያልፍ ግን በ20ኛው መቶ ዓመት መንገድና የገበያ አዳራሽ ተሠርቶበት ከዓይን ተሰውሯል። ከተማዋን ያቆመ ወንዝ ከእግራቸው በታች እየፈሰሰ ሰዎች በላዩ ዕቃ ይገዛሉ። ላብ የሚመልሰው ሰው ላገኘው ነገር ነው፤ የተወሰደበት ነገር በጣቱ ላይ ምልክት አያሳይም። ስለ ተሰወረ ወንዝ ሊናገር የሚችል አፍና የሚሥል እጅ ነው።

ወሬው ሲሰማ ግን ወደ ሚስተር ኖልድ የመጡት የከተማ ነዋሪዎች ብቻ አልነበሩም። በ2009 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጡት፥ ቤት የሚያሻሽጡ ደላሎች የሰው ምኞት በየትኛው ሰፈር እንደሚበዛ ለማወቅ፥ መኪና ሠሪዎች የነጂውን ጭንቀት ለመለካት፥ የማስታወቂያ ነጋዴዎችም የከተሞችን ስም በስሜት አሳምረው ለመሸጥ ፈልገው ጠይቀዋቸዋል። አንባቢ ሆይ፥ ጥያቄው ምን ያህል እንደ ተለወጠ ልብ ይበሉ። ነዋሪው የተጠየቀው «ምን አገኘህ?» ተብሎ ነው፤ ደላላው የሚፈልገው ግን ላቡን ነው፤ የሰውየው ቃል ለርሱ ሥራ የሚያዘገይ ነገር ነው። መልስ ሳይሰጥ የሚነበብ ሰው ሊከራከር አይችልም። ፈርተሃል ቢሉት፥ አልፈራሁም ዳገት ወጥቼ ነው የሚልበት ወንበር የለውም።

ዛሬ ደግሞ ጣት ማሰር እንኳ አያስፈልግም፤ ፊትን በካሜራ፥ ድምፅን በመቅረጫ እያዩ ስሜትን እናውቃለን የሚሉ መሣሪያዎች በገበያ አሉ። የኤውሮፓ ኅብረት በ2024 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፥ ለሕክምናና ለደኅንነት ካልሆነ በቀር፥ የሠራተኛን ስሜት በሥራው ቦታ፥ የተማሪንም በትምህርት ቤቱ በእንዲህ ያለ መሣሪያ መመርመር ከ2025 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ተከልክሏል። ለጐዳናና ለገበያ ግን ክልከላው በዚህ መጠን አልተዘረጋም፤ በዚያ ሕጉ የሚያዘው መሣሪያው የሚመለከተው ሰው አስቀድሞ እንዲነገረው ነው።