የሚካኤል ዕለት፣ ዓርብ

በምዝገባ ሰሞን ከኮርሱ በፊት የሚጠየቀው የመምህሩ ማንነት ነበር። «እሳቸው ናቸው» ከተባለ ሴክሽን ለመቀየር ሬጅስትራር በር ላይ የሚኮለኮለው ተማሪ ካፌ በር ላይ ከሚሰለፈው አያንስም። ሲኒየሮች ያወረሱን አባባልም ነበር፤ እሳቸው ጋ ኤ የፈጣሪ፣ ቢ የራሳቸው፣ ሲ የሰቃዮች ነው፤ የቀረውን ተከፋፈሉ። ኮርሱ የታሪክ አጠናን ዘዴ ነው። ገና ስሙ ሲጠራ እንቅልፍ ያመጣል። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ስለሆነ ግን ዘሎ ማለፍ አይቻልም። ድሮፕ ያደረገ ለከርሞም የሚያገኘው እሳቸውኑ ነው።

ሃንድአውት የላቸውም። ማስታወሻ አያስጽፉም። የዓምናውን የፈተና ወረቀት ፍለጋ ሲኒየር ደጅ መጥናትም ትርፍ አልነበረውም፤ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አዲስ ነው። ለቸካይ የሚጨበጥ ነገር የሌለው ክፍል ነበር። ያላቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማን አየ?» አንዱ ተነስቶ «ማይጨው ላይ ከተሸነፍን በኋላ ሕዝቡ ተስፋ ቆርጦ ነበር» ይላል። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠብቃሉ። «የትኛው ሕዝብ? ማን አየው? ያየው ሰው የት ቆሞ ነበር? ለማን ነገረው? የነገረውስ በዚያው ሰሞን ነው ወይስ ከሠላሳ ዓመት በኋላ?» ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ይቀመጣል። በወረቀታችን ኅዳግ ላይም ያቺው ጥያቄ በቀይ እስክሪብቶ ትመጣለች፤ አንዳንዱ ገጽ ላይ አሥር ጊዜ።

ዛሬ ሳስበው ያስተማሩን ነገር የትም የማይገኝ ነበር። ሽማግሌ ዕድሜው እንዴት እንደሚጠየቅ ያሳዩን እሳቸው ናቸው። «ስንት ዓመትዎ ነው?» ከተባለ የሚገኘው ግምት ነው። «ለሰገሌ ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር?» ከተባለ ግን ጥጃ ይጠብቅ እንደነበር፣ ወይም ገና በእናቱ ጀርባ ላይ እንደነበር ይነግርሃል። ሰገሌ 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው 1928 ዓ.ም.፤ በእነዚህ መካከል የሰውን ዕድሜ አስሮ መያዝ ይቻላል። ዘመን ስንለውጥ ከመስከረም አንስቶ ሰባት፣ ታኅሣሥ ሊገባደድ ሲል የፈረንጆቹ ዓመት ከዞረ በኋላ ስምንት እንደምንደምር፣ ይህን ያልለየ ጸሐፊ አንድን ጦርነት ዓመት ሙሉ ፈቀቅ ሊያደርገው እንደሚችል አሳዩን። ቤልጂጋዊው ያን ቫንሲና በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጽሑፍ ያልተዉ ሕዝቦች የሚያወሩት ወሬ ተመዝኖ የታሪክ ምንጭ እንደሚሆን እንዴት እንደተከራከረ ሲያስረዱን ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። እኛ ሰዓታችንን እናያለን።

የሴሚስተሩ ግማሽ ውጤት በአንድ ሥራ ላይ ነበር። አንድ ያየ ሰው ፈልጉ። ሁለት ጊዜ አነጋግሩት፤ ሁለተኛው ቀን በመጀመሪያው ያለውን ይደግመው እንደሆን ለማየት። በቴፕ ቅዱ፣ ከአፉ እንደወጣ ገልብጡ፣ ሳታሳምሩ። የተናጋሪውን ዕድሜ፣ የተነጋገራችሁበትን ቦታና ቀን ከታች ጻፉ። ቴፕ ለሌለው የራሳቸውን በተራ ያውሳሉ። ስድስት ኪሎ የታሪክ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የጻፏቸውን ጽሑፎች እያነሱ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ በእግሩ ሄዶ የሰበሰበውን ዛሬ ትልልቅ ተመራማሪዎች ይጠቅሱታል ይሉን ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ዛሬም ይጠቀሳሉ።

ከክፍሉ ሁሉ ለዚህ ሥራ የኔን ያህል የቀለለው አልነበረም። ከወለጋና ከሐረርጌ የመጡት ልጆች «አዲስ አበባ ማንን እናውቃለን?» እያሉ ሲጨነቁ፣ ጉለሌ ከቤታችን አጥር ማዶ እማማ ነበሩ። አጥሩም አጥር አይባል፤ እሳት ለመጫር የሚታለፍበት ቀዳዳ ነበረው። እማማ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እዚሁ ከተማ ውስጥ ነፍስ ያወቁ ልጅ ነበሩ። በዚያ ዕለት ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል ተወለደ ብሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ሊያድል ሕዝቡን ሰብስቦ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት፤ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ በከተማዋ ላይ ተለቀቁ። ሦስት ቀን ቤት ከነሰው በቤንዚን ተቃጠለ። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። እማማ ያዩትን ነው የማላውቀው።

ሊነግሩኝ ሳይፈልጉ ቀርተው አይደለም። ቡና ሲፈላ ብዙ ጊዜ ይጀምሩት ነበር። «የኔ ልጅ፣ እኔ በዚህ ዓይኔ ያየሁትን ብነግርህ…» ይላሉ። እናቴ «እማማ ደግሞ ጀመሩ» ትላለች በፍቅር፤ እኔ አቦል ጠጥቼ እወጣለሁ። አሮጊት ወሬ ትጀምራለች፣ ወጣት ይወጣል። በየቤቱ ያለ ነገር ስለሆነ ማንም ነውር አይለውም።

ሥራው የሚሰጥበት ቀን ሲደርስ ቴፑን አልተዋስኩም፤ እማማ ጋም አልሄድኩም። ጆተኒ ነበር፣ ኳስ ነበር፣ ነገ የሚባል ሰፊ አገር ነበር። ዋዜማው ሌሊት ላይ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከፈትኩና «ቃለ መጠይቅ» ጻፍኩ። በእማማ አፍ ያልተናገሩትን አናገርኳቸው፤ ዕንባ ጨመርኩ፣ «ልጄ» የሚለውን እዚህም እዚያም በተንኩ። እውነት የሚመስል ነገር ሠራሁ ብዬ ተኛሁ።

ቢሯቸው አስጠሩኝ። ወረቀቴ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ተሰምሮበታል። እማማ «ነገሩ የሆነው ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ነው» ብለው ነበር።

«እኚህ እናት የት ተማሩ?»

«አልተማሩም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ የሚያዝኑት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው?»

ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። ይቆጣሉ፣ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ያቀርቡኛል ብዬ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ያሉኝ ይህን ነው፤ «አንድ አሮጊት የትኛውን ቀን እንደምታስታውስ አላውቅም። የገበያ ቀን ይሆናል፣ የታቦት ቀን ይሆናል። ሂድና ዕለቱን ጠይቃቸው፤ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ውጤትህን ኢንኮምፕሊት አድርጌ እስከ መስከረም አቆየዋለሁ። አልሄድም ካልክ ግን አንድ መጽሐፍ ገምግመህ አምጣ፤ ከሲ በላይ አትጠብቅ።»

ግቢው ሁሉ ጨካኝ የሚላቸው ሰው እስከ መስከረም ጊዜ ሰጡኝ። ለሌላው ሰው እንዲህ ሲያደርጉ አልሰማሁም። ምናልባትም ለኔ ብለው አልነበረም፤ አጥር ማዶ ያለችውን አሮጊት ሳያጡ ለመቅረት ብለው ነው። እኔ ከቢሯቸው ወጥቼ ለዶርም ጓደኞቼ «ሰውየው ጠምዶኛል» አልኩ። አጽናኑኝ። መጽሐፍ ገመገምኩ፤ ያውም ቀጭኑን መርጬ። ሲ መጣልኝ። ከእሳቸው እጅ ሲ ማግኘት እንደ ሽልማት ስለሚቆጠር ላውንጅ ገብተን ቢራ ተገባበዝን።

እማማ በዚያው ክረምት አረፉ። ለቅሶው ላይ ድንኳን ተከልኩ፣ ወንበር ተሸከምኩ፣ ቀብር አስፈጻሚው ሁሉ «የጎረቤት ልጅ እንዲህ ነው» እያለ አመሰገነኝ። በሠልስቱ ልጃቸው ከእናቴ ጋር ተቀምጣ ስታወራ በጆሮዬ ገባ። «እምዬኮ ዓርብና ሚካኤል ከገጠሙ ከቤት አትወጣም ነበር፤ ውኃ እንኳ ለመቅዳት። የዚያ ቀን ነገር አልለቀቃትም።» ወንበር እንደያዝኩ ቆምኩ። የካቲት 12 ነዋ! በየወሩ 12 ሚካኤል ነው። ማታ ቤት ገብቼ የ1929ን ዘመን መቁጠሪያ አሰላሁ፤ ያ ቀን ዓርብ ሆኖ ወጣ። ሰውየው ሂድና ጠይቅ ያሉኝ ዕለት ይኸው ነበር። እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይዘውት ቆይተዋል፤ ሊሰጡትም ፈቃደኛ ነበሩ።

ከክፍላችን ልጆች አንዲት ልጅ የታዘዘችውን ሠርታለች። ዝምተኛ ነበረች፤ እኛ «ቸካይ» እያልን እንስቅባት ነበር። ከሰሜን ሸዋ የመጡ አንድ አጎቷን፣ ልጅ ሆነው ለአርበኞች ስንቅ ያመላለሱ ሰው፣ በጋሼ ቴፕ ቀድታ ከአፋቸው እንደወጣ ገለበጠችው። ስንቱን «እ» እና «እንትን» ሳይቀር። ያን ጊዜ አስቂኝ መስሎን ነበር። የቴፑን ክር ዛሬ ድረስ አስቀምጣዋለች፤ የአጎቷ ልጆች እያገለበጡ ይሰሙታል።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። እንግሊዛዊው ኢያን ካምቤል ስለ የካቲት 12 ጭፍጨፋ ትልቅ መጽሐፍ በ2017 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከሞት የተረፉ አዛውንቶችን ፈልጎ፣ አነጋግሮ፣ የተናገሩትን ከፎቶግራፍና ከሰነድ ጋር አስተያይቶ ነው የጻፈው። እኚያ አዛውንቶች እኛ በታክሲ ስናልፋቸው፣ በዕድር ስናገኛቸው፣ «ደግሞ ጀመሩ» ስንላቸው የኖሩ ሰዎች ናቸው። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ የአዲስ አበባን ሟቾች 30 ሺህ አለ፤ ካምቤል አስልቶ ወደ 19 ሺህ አደረሰው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ከአሥር ሺህ በላይ ሰው አለ። አንዱ ያጋነነ፣ ሌላው ያሳነሰ ይሆናል፤ ልዩነቱን ማጥበብ የሚቻለው ግን በየሰፈሩ የነበረች አንዲት ልጅ በመንገዷ ላይ ስንት ቤት እንደተቃጠለ ስትናገር ነበር። የጉለሌዋን ልጅ የጠየቃት የለም። ሊጠይቃት የታዘዘው፣ ለመጠየቅም ውጤት ሊሰጠው የነበረው እኔ ነኝ።

አንዳንዴ ጥፋቱን ለጋሼ ላካፍላቸው ይቃጣኛል። ልጅን በፍርሃት ማስተማር ዛሬም አይዋጥልኝም። ያን ያህል ባይፈሩ ኖሮ ምናልባት ቢሯቸው ሄጄ «ጋሼ፣ አልሠራሁም» እል ነበር፤ ውሸት ባልጻፍኩ። ያ ግን ለዋዜማው ሌሊት ይሠራል እንጂ ከዚያ በኋላ ለነበረው ጊዜ አይሠራም። ያኔ ፍርሃት አልነበረም፤ ሲ በቂዬ ነው ያልኩት ራሴ ነኝ።

ባለፈው ዓመት የእማማን ልጅ ቤቷ ድረስ ሄጄ ጠየቅኋት። አሁን እሷም አርጅታለች። ያን ሌሊት እማማና እናታቸው የተረፉት አንድ የውጭ አገር ሰው ሱቁ ውስጥ ከጆንያ ኋላ ደብቆ ስላሳደራቸው ነው አለችኝ። «ማን ነበር?» አልኳት። አርመን ነበር አለች። አጠገቧ የተቀመጠው ልጇ አቋረጣት፤ «የለም፣ አያቴ ግሪክ ነው ስትል ነው የሰማሁት፤ ሱቅም አይደለም፣ ዳቦ ቤት ነው።» ተከራከሩ። ሱቁ አራዳ ነው ወይስ ጉለሌ፣ ሰውየው ከዚያ በኋላ ምን ሆነ፣ አንድ ሌሊት ነው ወይስ ሦስቱንም ቀን፣ አንዱንም አያውቁም። በጋሼ ሚዛን ሁለቱም የሰማ ናቸው፤ ያየ የለም፣ ሁለተኛ ምስክርም የለም። ደብተሬ ላይ «አርመን ወይም ግሪክ» ብዬ ጻፍኩና የሰውየውን ስም ጠየቅኋቸው። ሁለቱም አያውቁትም።