ቧንቧና ሞት

የዛሬ ሁለት ወር ገደማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ዳዶ ነው።

ዳዶ ከኛ ቤት ዝቅ ብሎ፣ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ጋራዥ የሚሠራ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነው። እናቱ ያወጣችለት ጥሩ የመጽሐፍ ስም ነበረው፤ ነገር ግን ገና ልጅ ሳለ፣ በክረምት እረፍት፣ ጋራዡ ሲገባ የሰጡት የመጀመሪያ ሥራ በቤንዚን የታጠቡ ዳዶዎችን በየልካቸው እየለየ ቆርቆሮ ውስጥ መክተት ስለነበር በዚያው ዳዶ ሆኖ ቀረ። (ዳዶ፣ ከመኪና ጋር ለማትተዋወቁ፣ ብሎን ጫፍ ላይ የሚጠብቀው ባለ ስድስት ጎን ብረት ነው።)

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር» አለኝ። እጁ ላይ የተጨማደደ ወረቀት አለ።

«ግባ እንጂ። ምን ሆንክ?»

«ወደቅሁ።»

ዓይኔ ቶሎ ብሎ ጉልበቱን አየ። «የት?»

«ሲኦሲ ነዋ!»

ይኼ ሲኦሲ የሚሉት የሙያ ብቃት ምዘና ነው። ሠርቶ ማሳየት አለው፣ የጽሑፍ ፈተና አለው። ዳዶ ሠርቶ ማሳየቱን ሁለት ጊዜም በሚገባ አልፏል። ሞተር አውርዶ፣ በታትኖ፣ አጥቦ መልሶ የሚገጥም ልጅ ነው፤ የኔን አሮጌ ቮልስዋገን እንኳ ከሞት ያስነሣት እሱ ነው። የጣለው ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። ምስክር ወረቀት ከሌለው ደግሞ የሚመኘው ትልቅ መሥሪያ ቤት በሩን አይከፍትለትም፤ ጋራዥ ውስጥም ቢሆን የሚከፈለው እንደ ረዳት እንጂ እንደ መካኒክ አይደለም። «ሦስተኛ ከወደቅሁ ዓረብ አገር እሄዳለሁ» እያለ እናቱን እንቅልፍ ነስቷታል።

የሚያስታውሳቸውን ጥያቄዎች ወረቀቷ ላይ በኛው ፊደል ጽፏቸዋል። የመጀመሪያው «ታፕ ኤንድ ዳይ» ይላል።

«ታፕ ቧንቧ ነው አይደል ጋሼ? ዳይ ደግሞ መሞት። ቧንቧና ሞት ለምን ያገለግላሉ ብለው ነው የጠየቁኝ።»

«አንተስ ምን መለስክ?»

«ከአራቱ ምርጫ ውስጥ ስለ ውሃ የሚያወራ አጣሁ። ‹መልሱ አልተሰጠም› የሚለውን አከበብኩ።»

ሳቅኩ። የምሬን ነው፣ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ያሳቀኝ ነገር የልጁን የአንድ ዓመት ልፋት የበላ ነገር መሆኑ ቆይቶ ነው የገባኝ።

ይብሱን ደግሞ መልሱን እኔም አላውቀውም። ከሃያ ዓመት በላይ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው፣ ገጣሚ ስለ ሞት ያለውን ሁሉ የማውቅ ሰው፣ ቧንቧና ሞት ምን እንደሚሠሩ አላውቅም። ተነሥቼ መዝገበ ቃላቴን አወረድኩ። «ታፕ» ስር ቧንቧው አለ፤ በጣት መታ መታ ማድረግ አለ፤ ስልክ መጥለፍ አለ፤ ወረድ ሲል ብረት በተበሳበት ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ የሚያወጣ መሣሪያ ይላል። «ዳይ» የተባለው ደግሞ ያንኑ ጥርስ በዘንጉ ላይ፣ በውጭ በኩል የሚያወጣው ነው። ሥዕሉን አሳየሁት።

«ኧረ ጋሼ! ይኼማ ጥርስ ማውጫው ነው! ትናንት እንኳ ስሠራበት ነው የዋልኩት።»

ጥርስ ማውጣት! ሕፃን ሲያወጣ ያተኩሰዋል፣ ሐኪም ሲያወጣ ያስከፍላል፣ ዳዶ ሲያወጣ ብሎን ይሆናል። ለእንግሊዝ መካኒክ ይህን በአማርኛ ብንፈትነው እሱስ የት ይደርስ ነበር?

ሌሎቹንም አየናቸው። «ፋይል» የሚለውን የቢሮ ዶሴ አድርጎታል፤ የተጠየቀው ግን ስለ ሞረድ ነው። ከሁሉም የገረመኝ አንዱ ዓረፍተ ነገር ነው። መያዣ ያለውን ሥራ ሞርሳው ላይ አጥብቀህ እሰር ለማለት «ቫይስ» የሚል ቃል ገብቶበታል። ዳዶ ቫይስን የሚያውቀው ከቫይስ ፕሬዚዳንት ስለሆነ «ሥራውን ምክትሉ ላይ አስረህ ተው» ብሎ ተርጉሞታል። ይህንንስ ስህተት ለማለት ተቸገርኩ፤ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠራው እንዲሁ ነውና።

እናላችሁ፣ በዚያው ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ እየመጣ እንድናጠና ተስማማን።

የኛ የካ የእንጦጦ ግርጌ የኤምባሲዎች ጎረቤት ናት፤ የፈረንሳዩ፣ የጣሊያኑ፣ የእንግሊዙ ግቢ ሁሉ እዚሁ ነው። እንደ ዕጣ ሆኖ ሰፈሩ በፈረንሳይ ይጠራል፣ ጋራዡ በጣሊያንኛ ይሠራል፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ይመጣል። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ቆይቶ ወጣ ይባላል እንጂ ከጋራዥ መች ወጣ? ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ሞርሳ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ እያለ አለ። ዳዶ እነዚህን የተማራቸው ከእጅ ወደ እጅ ነው፤ «ፒንሳ አምጣ» ተብሎ ካቻቢቴ ያመጣ ዕለት በኩርኩም ነው የታረመው። ቃሉና ዕቃው እጁ ላይ አንድ ሆነዋል። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ያለው ትምህርት ግን በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲም ሆነ ከዚያ በፊትና በኋላ በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቃል የሚጠናው ያለ ዕቃው፣ በስተግራ እንግሊዝኛው በስተቀኝ አማርኛው ተጽፎ፣ አንድ ለአንድ ተጋብቶ ነው። ታፕ ቧንቧ፣ ዳይ ሞት፣ ፋይል ዶሴ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ትልቅ ድካም የተደከመበት ሥራ ነው። ግን ከመደርደሪያዬ እስከ ጋራዡ ያለው አምስት መቶ ሜትር ለመጽሐፍ ሩቅ መንገድ ነው።

እኔ ደግሞ የድሮ አመሌ አልለቀቀኝም፤ የቃላቱን የዘር ሐረግ ካልቆፈርኩ አይሆንልኝም። ቆፍሬም ያገኘሁት እኔን ራሴን አስደነገጠኝ። እንግሊዝኛ ውስጥ ሦስት ቫይስ አለ፤ አንዱ ምክትል፣ አንዱ መጥፎ አመል፣ አንዱ ሞርሳ። ሦስቱም ከሦስት የተለያዩ የላቲን ቃላት መጥተው በአጋጣሚ አንድ ድምፅ ላይ ተገናኙ እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም። የሞርሳው ቫይስ የመጣው የወይን ሐረግ ከሚል ቃል ነው፤ ጠመዝማዛ ስለሆነ። ጣሊያኖችም ወይኑንም ጠመዝማዛውን ሚስማርም «ቪቴ» ይሉታል። የኛ ካቻቢቴ ውስጥ ያለው «ቢቴ» እሱው ነው። ስለዚህ ዳዶ የፈተናውን ቫይስ ዘመድ ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው ፈተና ክፍል ገብቶ የወደቀው።

የሞት ነገርማ ይብሳል። መሣሪያው ዳይ ከመሞት ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ስሙን ያገኘው ከመጫወቻው ዳይስ ነው፤ ዳይስ ብዙ ቁጥሩ፣ ዳይ ነጠላው ነው። ጣሊያንኛስ ለዚያ መጫወቻ ምን ይለዋል? ዳዶ! ለብሎኑ ራስ ብረትም የሰጠው ያንኑ ስም ነው።

«ሞትህ አይደለም፣ ሞክሼህ ነው» አልኩት።

ዳዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እስክሪብቶውን አንሥቶ ደብተሩ ላይ «ዳይ = እኔ» ብሎ ጻፈ።

አንድ ማክሰኞ እናቱ ልጄ እዚህ ምን እያደረገ ነው ብላ ቆሎ ቋጥራ መጣች። ይህች ሴት ዳዶን ያሳደገችው ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከመች ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ከመኖሩ ብዙ ዓመት በፊት፣ ከእንጦጦ ማርያም ማዶ ካለው ጫካ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ፣ ከራሷ ቁመት የሚበልጥ እስር ጀርባዋ ላይ አስራ ስትወርድ እኔ ለሥራ ስወጣ እንገናኝ ነበር። አሁን ወገቧ እምቢ ብሏት በር ላይ ቆሎ ትሸጣለች። የዚያን ማታ የያዝነው ቃል እንግሊዝኛው «ከት» ነበር። ዳዶ መቁረጥ የሚለውን ይዞ ሌላውን አልቀበል ስላለ፣ እስቲ በኛው እንየው ብዬ ቆጠርኩለት። ተስፋ ቆረጠ፣ ቲኬት ቆረጠ፣ ዋጋ ቆረጠ፣ ደሞዙ ተቆረጠ፣ ቆርጦ ተነሣ፣ ቁርጥ በላ፣ ቁርጡን ንገረኝ፣ ቁርጥ እናቱን።

«ሆዴን ቆረጠኝ የሚለውንስ?» አለች እናትየው። «ባዶ ሆዴን ዳገት ስወጣ ስንቴ ቆርጦኛል።»

ሦስታችንም ዝም አልን። ቀጥላ፣ «እንጨት ስቆርጥ ደርሰው ምሳሬን የቀሙኝማ!» ብላ ራሷ ሳቀችና አሳቀችን።

የተሸከመችው ዛፍ ራሱ የውጭ አገር ሰው ነው። በምኒልክ ዘመን ከሩቅ አገር ሲመጣ ማንም መዝገበ ቃላት አልገለጠለትም፤ ከባሕር ማዶ ስለመጣ ባሕር ዛፍ ተባለ፣ ኦሮሞውም ያንኑ ከባሕር ባሻገር የሚል ሐሳብ ይዞ ባርጋሞ አለው። ተሸካሚው ስም አወጣ፣ ስሙም ጸና። (እዚህ ላይ የምለው ብዙ ነበረኝ፤ ቆሎው አዘናጋኝ።)

ለዳዶ አይዞህ ለማለት የእንግሊዞቹን ጉድ ነገርኩት። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲታተም «ሴት» ለምትባለው ትንሽ ግስ 430 ፍች ሰጥቷት ነበር። ኋላ አዘጋጆቹ «ረን» የሚለውን፣ እኛ ሮጠ ብለን የምናልፈውን ግስ፣ እንደ አዲስ ሲያዩት 645 ፍች ተቆጠረለት። አፍ የፈቱበት ሰዎች ናቸው እኮ! ዳዶ ግን አልተጽናናም። «ፈተናው ላይ የሚመጣው የትኛው ነው?» አለኝ።

አሁን ልነግራችሁ ወደፈለግሁት ልምጣ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ «ስፕሪንግ» ደረሰ።

«ይቺንስ አውቃታለሁ፣ ሞላ ናት» አለ ዳዶ ፈጥኖ። ትክክል ነው። ሞላ፣ ያው የተጠመጠመው ሽቦ፣ ሲጫኑት ወርዶ ሲለቁት የሚዘል። እኔ ግን አፌ ተያዘ።

በማስተምርበት ዘመን፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የመጣ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ቀጭን፣ ኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ጣቶቹ ላይ የግራሶ ጥቁረት ያልለቀቀው። ስለ እንግሊዞች ስፕሪንግ፣ ማለትም በረዶው አልቆ ቅጠል ስለሚወጣበት ወቅት የተጻፈ ግጥም ሰጥቼ እንዲያብራሩ ጠየቅኋቸው። የኛ አገር ልጅ ያን ወቅት ከየት ያውቀዋል? የኛ አበባ የሚፈነዳው በመስከረም፣ ከዝናብ ማግስት ነው። ልጁ፣ ክረምቱ ምድርን እንደ ሞላ ተጭኖ ይዟት ቆይቶ ሲለቃት መልሳ ተስፈነጠረች ብሎ ጻፈ። እኔ ምን አደረግሁ? ወረቀቱን አንሥቼ ለክፍሉ አነበብኩና፣ «ገጣሚው መኪናው ተበላሽቶበት ነው እንዴ?» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ይሁን ሦስት ጊዜ መጣ፤ ከዚያ ቀረ። ሌላ ትምህርት ክፍል ተዛወረ አሉ፤ ትቶ ሄደ ያሉም ነበሩ። ሄጄ አልጠየቅሁም።

ለዳዶ ብዬ የገለጥኩት መዝገበ ቃላት ምን አለኝ መሰላችሁ? ከውኃ ምንጭ፣ ከወቅቱና ከሞላው ጋር ሦስቱም ስፕሪንግ አንድ ቃል ናቸው። እንደ ቫይስ በአጋጣሚ የተገናኙ አይደሉም። ሥሩ መዝለል፣ መስፈንጠር ነው። ውኃው ከምድር ስለሚዘል፣ ቅጠሉ ከግንዱ ስለሚፈናጠር፣ ሽቦው ሲለቁት ስለሚነሣ። ያን ግጥም ስንት ዓመት አስተማርኩት፤ ቃሉ ውስጥ ያለውን ዝላይ ግን ያየው ጣቱ ላይ ግራሶ ያለበት ልጅ ነበር። በሰምና ወርቅ አገር ተወልጄ፣ አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲል ደስ እያለኝ አድጌ፣ ለዚያው ደስታ ደሞዝ እየበላሁ፣ ልጁን አሳቅሁበት።

ይህን ለዳዶ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሰማኝ።

«ታዲያ ልጁ ልክ ነበራ!»

«ልክ ነበር።»

«ነግረውታል?»

«አልነገርኩትም። የት እንዳለም አላውቅም።»

ትንሽ አሰበና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ጋዜጣ ላይ ይጽፉ የለም እንዴ?» አለኝ።

ስምህን አልረሳሁትም፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። ከመስኮቱ በኩል፣ ከኋላ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። ከሃያው አራት ነበር የሰጠሁህ። ወረቀትህ ላይ የጻፍከው ልክ ነበር።

ዳዶ የፊታችን ማክሰኞ ይፈተናል። ደብተሩ ላይ እስካሁን ዘጠና ሁለት ቃል አለ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ትርጉም በመጻፍ ፋንታ ዕቃውን ሥሎታል።