ሀገር ገባ፣ ታክሱም ተከትሎት መጣ

ሰውየው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 28 ዓመት ታክሲ ነድቷል። የአሜሪካ ዜግነትም አለው። በ67 ዓመቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ቤቱን አከራይቶ ሐዋሳ ገባ። ሽኝቱ ላይ «ከእንግዲህ ከአይአርኤስ ጋር ተፋተናል!» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ሁሉም አጨበጨበለት።

ፍቺው ግን አልጸደቀም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ወር የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘቡ ሳይገባ ቀረ። ቨርጂኒያ ላለችው፣ ሒሳብ ሠራተኛ ለሆነችው የእህቱ ልጅ ደወለ። ምክንያቱ ተገኘ። ውጭ አገር ለሚኖሩ ጡረተኞች በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ «አለህ ወይ? ምን የተለወጠ ነገር አለ?» የሚል ቅጽ ይላካል። ተሞልቶ ካልተመለሰ ክፍያው ይቆማል። የሱ ቅጽ የዘመድ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ወራት ተኝቷል።

«ጋሼ፣ ታክስዎንስ ሞልተዋል?»

«የምን ታክስ ልጄ? ጡረተኛ አይደለሁ እንዴ!»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደው። አሜሪካ ዜጋዋን የትም ይኑር የት ታስከፍላለች። ግሪን ካርድ የያዘም ካርዱን በሥርዓቱ እስካልመለሰ ድረስ አውሮፕላን መሳፈሩ ብቻ ነፃ አያወጣውም። ጡረታውም ቢሆን ይቆጠራል። የዓመቱ ሶሻል ሴኩሪቲ ግማሽ ከሌላው ገቢ ጋር ተደምሮ፣ ላላገባ ሰው ከ25,000 ዶላር ካለፈ ከጡረታው ከፊሉ ታክስ ይሰላበታል። ከ34,000 ካለፈ እስከ 85 በመቶው ድረስ ይሰላበታል። 85 በመቶው ይወሰዳል ማለት አይደለም። ጡረታው ብቻውን ቢሆን ምናልባት ምንም ባልከፈለ ነበር። ከመስመሩ ያሳለፈው የቤቱ ኪራይ ነው።

ሌላም አለ። ለቤት መሥሪያ ብሎ ሐዋሳ ባንክ ያስቀመጠው የውጭ ምንዛሪ ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ውጭ አገር ያለ ሒሳብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከዚህ ካለፈ ሪፖርት ይደረግ ይላል።

ይኼ የዚያኛው ወገን ነው። በኛ በኩል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ እዚህ የቆየን ሰው ነዋሪ ይለዋል። ነዋሪ ደግሞ ከውጭ የሚያገኘው ገቢም ይመለከተዋል። ኢትዮጵያና አሜሪካ ድርብ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት የላቸውም። ስለዚህ የትኛው ገቢ የት እንደሚከፈልበት ከሁለቱም አገር ባለሙያ መጠየቅ ግድ ነው።

«ታዲያ እኔ የማን ነኝ?» አለ ሰውየው።

«የሁለቱም ነዎት፣ ጋሼ።»

ዲያስፖራው ሀገር ለመግባት ሲዘጋጅ የቤት ፕላን ያሠራል፣ ዕቃ በኮንቴይነር ይጭናል፣ ድግስ ይደግሳል። ስለ ታክስ ግን የሚያነሳ የለም። የሰው ገንዘብ መጠየቅ ነውር ይመስለናል። «አላውቅም» ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ያሳፍረናል። ያ ሁሉ እንግዳ ሲያጨበጭብ አንዱ እንኳ «ሒሳብ አዋቂ አማክረሃል?» ቢለው ኖሮ፣ ነገሩ በአንድ ከሰዓት ባለቀ ነበር።

ደግነቱ፣ ሳያውቅ ተሳስቶ ሳይጠሩት ራሱ ለሚቀርብ ሰው አይአርኤስ ቅጣቱን የሚያነሳበት አሠራር አለው። ልጅቷ ቅጾቹን ሞልታ ላከችለት፣ እሱም ፈረመ። የቆመው ጡረታም ተለቀቀ።

አሁን ከዲሲ ሊመጣ ያሰበ ጓደኛ ሲደውልለት ስለ ሐዋሳ አየር ከማውራቱ በፊት «ታክስህን ጠይቀሃል?» ይለዋል።