አውራጁ ከሄደ በኋላ

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ፣ ለንደን ውስጥ ኦቱ በሚባለው አዳራሽ ከልጄ ጋር ተቀምጫለሁ። መድረኩ ላይ ያለው የኩዊን ባንድ ጊታር ተጫዋች ብራያን ሜይ ብቻ ነው። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ጸጉሩ እንደ ባዘቶ ነጥቷል። ጊታሩን ታቅፎ የቆየ የፍቅር ዘፈን ይጫወታል፤ የሚዘፍነው ግን ሕዝቡ ነው። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ከኋላው ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ የባንዱ ዘፋኝ ፍሬዲ መርኩሪ ብቅ አለና የቀረውን እሱ ዘፈነው። ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው። ልጄ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ።

ኩዊንን ልጄ ያወቀችው በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጣው ፊልም ነው። ፊልሙ የሚያበቃው በላይቭ ኤይድ የእርዳታ ኮንሰርት ነው፤ ነጭ ካናቴራ፣ ግማሽ የማይክሮፎን ዘንግ፣ ፒያኖው ላይ የተደረደሩ የፔፕሲ ኩባያዎች። ፊልሙን ስታይ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። «አባዬ፣ ገንዘቡ የሚሰበሰበው ለማን ነበር?» አለችኝ። «ለእኛ» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

የኮንሰርቱ ቀን ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር። እነ ፍሬዲ ዌምብሌይ ስታዲየም መድረክ ላይ የወጡት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ ነው። የተጫወቱት ሃያ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ሰባ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ እየሰቀለ በአንድ ምት ሲያጨበጭብ የሚታይበት ያ ምስል እስከ ዛሬ ከሮክ ሙዚቃ ታላላቅ ቅጽበቶች አንዱ ተብሎ ይነሣል። እኔ በዚያች ሰዓት ደሴ ነበርኩ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቤታችን ጉም ገብቶበታል። እናቴ የእርዳታ ስንዴ ቆልታ በስኒ እየለካች ታድለናለች። በስኒ የምትለካው ለነገም እንዲተርፍ ነው።

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የቆቦ ገበሬ ነበር። ሰርግ ላይ ግን ዘፈን አውራጅ ነው። እሱ ያወርዳል፣ መንደሩ ይቀበላል። አንድ ጊዜ የዘመድ ሰርግ ላይ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያወርድ አይቼዋለሁ። ስንኙን ጨርሶ ዝም ሲል ከዳሱ የሚመጣው የተቀባዩ ድምፅ ደረቴን ያንቀጠቅጠው ነበር። በ1977 መጀመሪያ ረሃቡ ሲጠና ሚስቱንና አራት ልጆቹን ይዞ ወደ ቆረም መጠለያ ወጣ። መሐመድ አሚን የቀረጸውና ማይክል በርክ የተረከው የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን ያስለቀሰው በዚያው ሰሞን፣ ከዚያው ከቆረም ነው። ሙዚቀኛው ቦብ ጌልዶፍ ያን ዘገባ አይቶ ተነሣ፤ መጀመሪያ የእርዳታ ዘፈን፣ ቀጥሎም ኮንሰርቱ መጣ። ከአጎቴ ቤተሰብ ደሴ የደረሱት ግን ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው።

ፍሬዲ የዛንዚባር ተወላጅ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ኅዳር ኤድስ እንዳለበት ይፋ ባደረገ ማግስት ዐረፈ። በሚያዝያ 1992 እ.ኤ.አ. ጓደኞቹ በዚያው በዌምብሌይ ተዝካሩን አወጡለት ማለት ይቻላል፤ ስታዲየሙ እንደገና ሞላ፤ ገቢውም ኤድስን ለመዋጋት ዋለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስብ የሚነካኝ ቦታውን የጠበቁለት መንገድ ነው። ፍሬዲ በመጨረሻዎቹ ወራት «ማዘር ላቭ» የሚባለውን ዘፈን እየቀረጸ ሳለ ደከመው፤ ሌላ ጊዜ ተመልሼ እጨርሰዋለሁ ብሎ ወጣ። አልተመለሰም። የመጨረሻውን አንጓ ብራያን ሜይ በራሱ ድምፅ ዘፈነው። የሁለት ሰው ድምፅ መሆኑ ያስታውቃል፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም። ቤዝ ተጫዋቹ ጆን ዲከን ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከእነሱ ጋር አልተጫወተም። ሌሎቹ ሁለቱ የባንዱ አባላት ግን መጀመሪያ ከፖል ሮጀርስ፣ ኋላም ከአዳም ላምበርት ጋር መድረክ ወጡ። ስማቸውን ሲጽፉ በኩዊንና በአዲሱ ዘፋኝ ስም መካከል የመደመር ምልክት ያስገባሉ። መጣ ማለት እንጂ ተካው ማለት አይደለም። ላምበርትም ፍሬዲ አንድ ብቻ መሆኑን ለሕዝቡ ደጋግሞ ይናገራል።

ከአዳራሹ ስንወጣ ልጄ ደስታዋን መያዝ አልቻለችም፤ እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ፍሬዲ ቢሞትም ተቀባዩ አልሞተም። ስለዚህ ዘፈኑ አለ። አጎቴ ግን ከነተቀባዩ ነው የሄደው። ያን ዳስ ያናውጡ የነበሩት ጎረቤቶቹ ግማሾቹ አብረውት ቆረም ቀሩ፤ ግማሾቹ በሰፈራ ሄዱ። በዚያ ዓመት ተዝካር አላወጣንለትም። በምን እህል? በኋላ እህል ሲገኝ ደግሞ ዘመኑ አልፏል ተባለ። ለእሱና ለመሰሎቹ ተብሎ የሞላውን ስታዲየም ዓለም በየዓመቱ ያነሣዋል፤ የሚያነሣው ግን ዘፋኞቹን ነው። እነሱን አልወቅስም። እኔም የእናቴ ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ስለ አጎቴ ዘፈን አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ደሴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ጋሼ ሰርግ ላይ የሚያወርደው ዘፈን ትዝ ይልሻል?»

ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ ጀመረች። ሁለት ስንኝ ሄዳ ቆመች።

«ምነው እማዬ?»

«ተቀባይ የለውማ፤ ብቻዬን እንዴት ልበለው?»

መቀበያውን አስተማረችኝ። እኔ ለልጄ አስተማርኳት። አማርኛዋ ቢሰባበርም ምቱን አትስትም። አሁን እሑድ እሑድ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን፣ ደሴ ሆና እናቴ ታወርዳለች፤ እኛ ለንደን ሆነን እያጨበጨብን እንቀበላለን። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ግን ሁልጊዜ ትሰናከላለች።

«ይኸኛው ጠፋኝ እኮ ልጄ» አለችኝ አንድ ቀን። «ምነው ቀደም ብለህ ብትጠይቀኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ልጄ የሆነ ቃል እናስገባበት ብላ ነበር፤ እናቴ እሺ አላለችም። ስለዚህ ባዶውን ተውነው። እዚያ ስንደርስ ሦስታችንም አንድ ስንኝ ያህል ዝም እንላለን። ከዚያ እንቀበላለን።