ሞተሩ ቋሚ ንብረት ነው ወይስ አላቂ ዕቃ?

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ላይ «ኦሪጅናል ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ጠያቂውም ሻጩም የሚያስቡት አንድ ነገር ነው፤ ዕቃው ይበረክታል ወይስ አይበረክትም? ኦሪጅናል የሚባለው መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ያወጣው፣ ሲገጠም ልክ የሚገባ፣ በሦስት ወሩ ጋራዥ መልሶ የማያስቆም ዕቃ ነው። የዚህ ተቃራኒ «ኮፒ» ነው። እዚህ ሲያትል ውስጥ የ1969 ሸቭሮሌ ወይም የ1970 ፕሊማውዝ የሚያድስ ሰው ያንኑ ቃል ሲናገር ግን ብርታቱን ረስቶታል። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ይህ ብረት መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ አብሯት የወጣው መሆን አለመሆኑን ነው። አዎ ከሆነ፣ ብሎኩ ተሰንጥቆ የተበየደ ቢሆን እንኳ ከአዲስ ሞተር በላይ ያወጣል። ቃሉ አንድ ሆኖ ገበያው ሁለት ነው፤ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው ደግሞ ወይ አላግባብ ይከፍላል ወይ ሊተካ የማይችል ነገር ይጥላል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ያለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አከፋፈል አለ፦ ቋሚ ንብረትና አላቂ ዕቃ። ጠረጴዛው ቁጥር ተጽፎበት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ እርሳሱና ወረቀቱ ግን ወጪ ሆኖ ይረሳል። አዲስ አበባ ያለው መካኒክ ከፋሻው እስከ ቴስታታው፣ ካስፈለገም ሞተሩን ሙሉ በሙሉ እንደ አላቂ ዕቃ ያያል። የሲያትሉ ሰብሳቢ ደግሞ የውሃ ጎማውን ማሰሪያ ሽቦ ሳይቀር በቋሚ ንብረትነት መዝግቦታል። እኔ የምለው፣ አሮጌ መኪና በትክክል የሚታደሰው ሞተሩ ራሱ በዚህ አከፋፈል ለሁለት ሲለይ ነው፤ እያንዳንዱ ወገን ደግሞ ለሌላው የሚያስተምረው ግማሽ አለው።

አስገራሚው ነገር ሕጉ ነው። አገር ቤት የመኪና ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ሞተር የለወጠ ሰው ሞተሩን በሕጋዊ መንገድ ማግኘቱን በሰነድ አሳይቶ ሊብሬውን ማስተካከል አለበት፤ ካላስተካከለ ለቦሎ ሲቀርብ ወይም መኪናውን ሲሸጥ ይያዛል። ስለዚህ ለሞተሩ ቁጥር የሚጨነቀው መንግሥት ነው፣ ገዢው የሚያዳምጠው ግን ድምፁን ነው። ሲያትል ባለችበት ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። የባለቤትነት ወረቀቱ የሚይዘው የመኪናውን መለያ ቁጥር ነው፤ ከውስጡ ያለውን ሞተር ቢለውጡት የሚጠይቅ የለም። ስቴቱ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ የጭስ ምርመራውን እንኳ ትቶታል። 30 ዓመት ያለፈው መኪና የሰብሳቢ ታርጋ ያገኛል፤ በሰልፍ፣ በኤግዚቢሽንና አልፎ አልፎ በሽርሽር ላይ እንዲውል ነው። መንግሥት ዝም ባለበት ገበያው ራሱ ፖሊስ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በጁን 2014 እዚሁ ሲያትል ሚከም የተባለ አጫራች ድርጅት ባካሄደው ጨረታ ላይ አንድ የ1971 ፕሊማውዝ ሄሚ ኩዳ ጣሪያ ክፍት መኪና በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። በዚያ ዓመት ከዚህ ዓይነት የተሠሩት 11 ብቻ ናቸው። ይኸው ሞዴል በትንሹ ሞተር በብዛት ተሠርቶ ነበርና ዋጋውን ሰማይ የሰቀለው ከኮፋኖው ሥር ያለው ባለ 7 ሊትር ሄሚ ነው።

ታዲያ ይህ ገበያ ማስረጃውን እንዴት ያነብባል? እዚህ ላይ አሜሪካኖቹ የሠሩት ሥራ በእውነት የሚደነቅ ነው። የሸቭሮሌን ባለ 350 ሞተር እንውሰድ፤ በሊትር 5.7 ነው። ብሎኩ ላይ ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ አብሮ የወጣ ቁጥር አለ፤ 3970010 የሚል ከሆነ ከ1969 እስከ 1979 የተሠራ ብሎክ ነው ማለት ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ያው ብሎክ ካማሮ ላይም፣ ፒካፕ ላይም፣ የቤተሰብ መኪና ላይም ተገጥሟል። ቀጥሎ የፈሰሰበት ቀን ይፈለጋል፤ ፊደሉ ወሩን፣ ከዚያ የሚመጣው ቁጥር ቀኑን፣ የመጨረሻው አኃዝ ዓመቱን ይናገራል። «ሲ 12 9» ቢል መጋቢት ላይ፣ ማርች 12፣ በ1969 ፈሰሰ ማለት ነው። ከዚያ በቀኙ ቴስታታ ፊት ለፊት ያለችው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሞተሩ የተገጣጠመበት ፋብሪካና ቀን በመዶሻ ተመትቷል፤ በቪ ከጀመረ ፍሊንት፣ በቲ ከጀመረ ቶናዋንዳ ነው። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ የመኪናዋ መለያ ቁጥር ከፊሉ ብሎኩ ላይ ይመታ ጀመር። አመክንዮው ቀላል ነው፦ ብሎኩ ከመገጣጠሙ በፊት መፍሰስ፣ ሞተሩ ከመኪናዋ በፊት መገጣጠም አለበት። በእነዚህ ቀኖች መካከል ጥቂት ቀናት ወይም ጥቂት ወራት ቢኖሩ ያሳምናል፤ ሞተሩ ከመኪናዋ በኋላ የተወለደ ከሆነ ግን ክርክሩ አለቀ። የሮቼስተር ካርቡሬተርም እንዲሁ ይነበባል፤ ለ1969 በ7029፣ ለ1970 በ7040 ይጀምራል፤ የመጨረሻው አኃዝ ባብዛኛው ጎዶሎ ከሆነ ለማኑዋል፣ ሙሉ ከሆነ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ዲስትሪቢውተሩና ዲናሞውም የራሳቸው ቁጥርና ቀን አላቸው። አገር ቤት «ሞተሩ የዚህ ዓመት ነው» ሲባል የምንቀበለው በሰው ቃል ነው፤ እዚህ ብረቱ ራሱ ይመሰክራል።

ነገር ግን ምስክሩ ሊገዛ ይችላል። አንድ ብረት ከሌላው መንታ ወንድሙ የሚለየው በመዶሻ በተመታ ጥቂት ፊደል ብቻ ከሆነ፣ ዋጋውም በዚያ ፊደል ምክንያት በእጥፍ በእጥፉ የሚያድግ ከሆነ፣ መዶሻ ያለው ሰው ሥራ አይፈታም። የብሎኩን ፊት ልጎ የቀድሞውን ቁጥር አጥፍቶ የሚፈለገውን የሚመታ ጥቂት አይደለም። ለዚህ ነው አዋቂ ገዢ ከፊደሉ ይልቅ በፊደሉ ሥር ያለውን የብረት ገጽ የሚመረምረው፤ የፋብሪካው ማሽን ጥሎት የሄደ ቀጥ ያለ ጭረት ካልታየ ይጠረጥራል። ሶማሌ ተራም ያው ነው፤ እዚያ የሚታመነው ካርቶኑ፣ ማኅተሙና የሚያብረቀርቀው ተለጣፊ ስለሆነ የሚጭበረበረውም እሱ ነው። (የተሰረቀ ስፖኪዮህን እዚያው ሄደህ ግዛው የሚለው የአዲስ አበባ ቀልድ ደግሞ ያ ዕቃ ቢያንስ ኦሪጅናል መሆኑን ያረጋግጣል።) የሲያትል ሰው የአዲስ አበባውን ገበያ «የማጭበርበሪያ» ሲለው ስሰማ የማይዋጥልኝ ለዚህ ነው። አጭበርባሪ እምነት በበዛበት ይሄዳል፤ እዚያ ካርቶን ላይ፣ እዚህ ቁጥር ላይ። ከ1968 በፊት የተሠራ አብዛኛው ሸቭሮሌ ላይ የመኪናዋ ቁጥር ሞተሩ ላይ ስላልተመታ፣ እንደዚያ ያለውን መኪና «ቁጥሩ ይገጥማል» እያለ የሚሸጥ ሰው ሊያረጋግጠው የማይችለውን ነገር እየሸጠ ነው፤ ቢበዛ ቀኑ ይስማማል ማለት ይችላል።

ወደ አከፋፈሉ ልመለስ። ከሞተሩ ውስጥ ቋሚ ንብረት ልለው የምደፍረው ብሎኩን፣ ቴስታታውን፣ ማኒፎልዱን፣ ካርቡሬተሩን፣ ዲስትሪቢውተሩንና ዲናሞውን ነው። እነዚህ ቁጥርና ቀን ይዘዋል፣ ተጠግነውም ይኖራሉ። ሌላው አላቂ ነው፤ አላቂ ዕቃን በኦሪጅናል ስም ማቆየት ደግሞ ሞተር መግደል ነው። በዘመኑ ተሠርቶ ካርቶኑ ውስጥ ሃምሳ ዓመት የተኛ ጓርኒሲዮን በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ቅርስ ይፈለጋል፤ ላስቲክና ወረቀት ግን መደርደሪያ ላይም ያረጃል። ዛሬ ማደያዎች የሚሸጡት ቤንዚን ባብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፤ የ1960ዎቹ የነዳጅ ጎማና የካርቡሬተር ላስቲክ ይህን አያውቁትም፣ ይበላቸዋል፣ ነዳጅ ያንጠባጥባሉ፣ እሳትም ያስነሳሉ። እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን ከአሜሪካ መንገድ ሙሉ በሙሉ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ ነው፤ ከ1971 ገደማ በፊት የተሠራ ቴስታታ የቫልቭ መቀመጫው ለዚያ ቤንዚን የተሠራ በመሆኑ ጠንከር ባለ ብረት ቢተካ ምንም ነውር የለበትም። ፋሻ፣ ብሮንዚና፣ የዘይት ፖምፓ፣ ካንዴላ፦ ዛሬ በፈቃድ የሚሠሩት ከድሮዎቹ የሚያንሱበት ምክንያት የለም። እዚህ ላይ የአዲስ አበባው መካኒክ አስተማሪ ነው። ከካምቢዮ እስከ ፍሪሲዮን በጣሊያንኛ ስም የሚጠራቸውን ክፍሎች የትኛው በየትኛው እንደሚተካ፣ የየትኛው መኪና ፒስቶን የየትኛውን ካሚቻ እንደሚሞላ ያውቃል፤ ያጣውን ቶርኖ ቤት ሄዶ ያስቀርጻል። ይህ እውቀት በካታሎግ አልተጻፈም። ሲያትል ቦይንግን ከ1916 ጀምሮ ይዛ የብረት ባለሙያ ያፈራች ከተማ ሆና ሳለ፣ ብዙ ሰብሳቢ በሁለት መቶ ዶላር የሚቀረጸውን ዕቃ «ትክክለኛው ቀን» እስኪገኝ ዓመት ሙሉ ይጠብቃል።

አንድ ተቃውሞ ይጠብቀኛል፤ ተገቢም ነው። ሲያትል ሬይኒየር ቫሊ የሚኖር፣ ታክሲ እየነዳ ከአየር ማረፊያ ወደ ከተማ ሲመላለስ የሚውል ወገን «የእነሱ መዝናኛ ነው፣ የእኛ እንጀራ ነው፤ ምን አገናኛቸው?» ይለኛል። እንጀራ የሚያበላ መኪና ሞተሩ ቢለወጥ ማንም አያለቅስም፤ ልክ ነው። ግን ክርክሩ የቅንጦት ብቻ ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስዋገን እያበሰ የሚያስቀምጥ፣ ሐረር ውስጥ ፔጆ 404 የሚነዳ ሰው ባልኖረ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ ደግሞ ያለው መኪና ያለ ምትክ ነው የቆመው፤ ትናንት በግዴለሽነት የተለወጠ ሞተር ነገ የሚተካው ላይኖር ይችላል። ከሰብሳቢዎቹ በኩል ያለው ተቃውሞ የባሰ ከባድ ነው፤ ኦሪጅናሉን ዕቃ አላቂ ካደረግነው ታሪኩስ? ለዚህ መልሴ ታሪክ የሚጠበቀው መዝገብ በመያዝ ነው የሚል ነው። የተለወጠው ፋሻ ሳይሆን ያልተጻፈው ለውጥ ነው መኪናዋን የሚያረክሳት። ፎርድ ከ1967 ጀምሮ ለሠራቸው መኪናዎች የምርት መዝገቡ በሕይወት ስላለ በክፍያ ቅጂ ይገኛል፤ ፖንቲያክም ተመሳሳይ ሰነድ አለው። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ያላት መኪና ሁለት ሦስት አላቂ ዕቃ ቢለወጥላት ማንነቷ አይጠፋም።

ስለዚህ ሁለቱም ከተማ ላይ ብሎክ ወደ ቶርኖ ቤት ከመላኩ በፊት መደረግ ያለበት አንድ ነው፦ ቁጥሩ ያለበትን ገጽ ጠርጎ በደንብ ፎቶ ማንሳት፣ ፊቱ ሲላግ ያቺ ጠፍጣፋ ቦታ እንዳትነካ ለባለሙያው መናገር። የመላጊያ ማሽን ሥራውን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሲያትል ላይ በሺህ የሚቆጠር ዶላር፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከሊብሬው ጋር የሚገጥመውን ብቸኛ ማስረጃ በአንድ ዙር ያነሳዋል። አገር ቤት ያለው የቮልስዋገን ባለቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያላስተዋለው ሀብት አለው። የንጉሡ ዘመን ሊብሬ ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ዛሬም ብሎኩ ላይ ካለው ጋር ከገጠመ፣ አሜሪካዊው ሰብሳቢ በአጉሊ መነጽር የሚያሳድደውን ነገር መንግሥት ሃምሳ ዓመት ሙሉ በነፃ ጠብቆለታል። ቮልፍስበርግ ያለው የቮልስዋገን ሙዚየም ፋውንዴሽን የሻንሲ ቁጥሩ ሲላክለት መኪናዋ የተሠራችበትን ቀን፣ ቀለሟንና የተላከችበትን አገር የሚገልጽ የልደት ምስክር ወረቀት በክፍያ ይሰጣል። እሱንና የሊብሬውን ፎቶ ኮፒ አንድ ፖስታ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።